ከወባው በኋላ የመጣው

ወገኖቼ፣ ጊዜ ካላችሁ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ይህ ጨዋታ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። አሶሳን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ያላያችኋት ደግሞ ከእኔ ጋር ተጓዙ። ከአዲስ አበባ ተነስተን አምቦን አልፈን፣ ነቀምት አድረን፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርገን ባምባሲን ስንሻገር አየሩ ሞቅ ይላል፤ ከዚያም ማንጎው በየደጁ ይበዛል፤ ከዚያም የቆላው ቀርከሃ በየኮረብታው ጎን ቆሞ ይጠብቀናል። አሶሳ ገባን ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ለሚቀጥል ሰው ኩርሙክ ቀርቶታል፤ ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ነው።

በዚያ አገር ዝናቡ በግንቦት ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም። ሲለቅም ደህና ሁኑ ብሎ አይሄድም፤ ውኃውን በየጉድጓዱ ይተዋል፣ ሣሩን ከሰው ቁመት በላይ አሳድጎ ይተዋል፣ ከዚያም ማሽላው እሸት ሲይዝ ወባ ትመጣለች። የበርታ ሰዎች አገራቸው ነውና ይህን ሲያውቁት ኖረዋል። ከወሎ በሰፈራ የመጡት፣ በተለይ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ተጭነው የመጡት፣ አምባ ተብለው ቁጥር በተሰጣቸው መንደሮች የሰፈሩት ግን ደገኞች ነበሩና ወባን የተማሩት ልጆቻቸውን እየቀበሩ ነው። ስለዚህ በእነዚያ መንደሮች ስለ ክኒን ክፉ የሚናገር ሰው ብዙ አድማጭ አያገኝም። እኔም ክፉ ልናገር አልመጣሁም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን የማወራላችሁ ስለ አንዲት እናት ነው። ስም አልሰጣትም፤ እውነቱን ለመናገር አንዲት የማውቃት ሴት አይደለችም። ሐኪሞች አሁን ስለምነግራችሁ ሕመም ጠባይ የጻፉትን ሁሉ ሰብስቤ፣ የአገሩን መንገድና ዝናብ ጨምሬ፣ ያሸከምኳት ሰው ናት። ከወሎ በልጅነቷ የመጣች፣ ባል ያላት፣ አማት ያሏት፣ ከአጥሯ ማዶ ደግሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ የበርታ ጎረቤት ያሏት እንበል። ጎረቤትየዋ የባሚያ ወጥ ሲሠሩ ለእሷ ሳያቃምሱ አይውሉም፤ እሷም እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያው ትኩስ የሚሄደው በአጥሩ ቀዳዳ ነው።

ዘመኑ የፋንሲዳር ዘመን ነበር። ክሎሮኪን ወባዋን ማሸነፍ ቢያቅተው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አገራችን ፋንሲዳርን የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ ያዘች። ሠሪዎቹ ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን አዋህደው ነበር፤ ሰልፋዶክሲንና ፒሪሜታሚን። ለአዋቂ ሦስት ክኒን በአንድ ጊዜ ዋጥ ይደረጋል፣ አለቀ፤ ነገ የለ፣ ከነገ ወዲያ የለ። ውኃ ቀድቶ፣ ማሳ ወርዶ፣ ልጅ አዝሎ ለሚውል ሰው ከዚህ የተመቸ መድኃኒት ከየት ይመጣል? ብዙ ሰውም አዳነ።

እናም ያቺ እናት በመስከረም ማለቂያ ተንቀጠቀጠች፣ አተኮሳት፣ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ሦስቱን ክኒን ዋጠች፣ በሦስተኛው ቀን ከአልጋዋ ተነሳች፤ ከዚያም እንደ ወትሮዋ አረም ወጣች፣ ገበያ ዋለች፣ ወባውንም ክኒኑንም ረሳች።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ምሽት ጉሮሮዋን ከረከራት፣ ዐይኗ ቀላ፣ ትኩሳት ያዛት። ወባዋ ተመለሰች ተባለ። በነጋታው ከንፈሯ ቆሳሰለና አማቷ አይተው፣

«ይህማ ምች ነው፤ ከእሳት ተነስታ ፀሐይ ወጥታለች» አሉ።

እኔና እናንተም እዚያ ብንኖር ሌላ የምንለው አልነበረንም። ከአጥሩ ሥር ዳማ ከሴ ተቀነጠሰ፣ ታሸ፣ ግንባሯንና እጆቿን ቀቧት፣ ጥቂትም አጠጧት። በዳማ ከሴ የሚስቅ ሰው አልወድም፤ የስንቱን እናት ቤት ሽታው አጽናንቷል። ግን ያ ሕመም ምች አልነበረም። ምች ከንፈር ጫፍ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ይህኛው ወደ አፏ ውስጥ ገባ፣ ምራቋን መዋጥ አቃታት፣ ሽንቷን ስትሸና አቃጠላት፤ ከዚያም ደረቷ ላይ መሃላቸው የጠቆረ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጡ፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ገና ምንም ያልወጣበት ቆዳዋ ሲነኩት አሳመማት። ባሏ ቀሚሷን ሊያስተካክል ትከሻዋን ቢይዛት ጮኸች።

በሦስተኛው ቀን ውኃ ያዘለ እብጠት በጀርባዋ ተነሳ። ጎረቤትየዋ ገንፎ ይዘው መጥተው፣ ገንፎውን መሬት አስቀመጡና ክንዷን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ቢዳስሱ፣ የላይኛው ቆዳ እንደ በሰለ ማንጎ ልጣጭ ተንሸራተተ። እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ከዚያም ወደ ባልየው ዞረው፣

«ልጄ፣ ይህ የቤት አይደለም። ሰው ጥራ» አሉት።

ቀርከሃ ተቆረጠ፣ ቃሬዛ ታሰረ፣ አራት ጎልማሶች ተሸከሙ፣ አራት ደግሞ ለመቀባበል ከኋላ ተከተሉ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሣሩ ጤዛውን በተሸካሚዎቹ ደረት ላይ ያራግፋል። በመንገድ የሚያገኛቸው ሁሉ ቆሞ ያሳልፋቸዋል፤ አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ወርደው ከመንገድ ወጡና መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉላት። ጎረቤትየዋ ከቃሬዛው ጎን እየተራመዱ የነጠላቸውን ጫፍ ውኃ ያስነኩና በከንፈሯ መሃል ያንጠባጥባሉ፤ ዝንብ ሲመጣ በቅጠል ያባርራሉ፤ ነጠላውን ግን ላይዋ ላይ አያደርጉትም፣ መጀመሪያ ያደረጉት ተጣብቆ ሲነሳ ቆዳ ይዞ ተነስቷልና። ወደ እኩለ ቀን ዝናቡ መጣ። ቀርከሃው ሥር ተጠለሉ፣ ዝናቡ አለፈ፣ ተነሱ፣ እንደገናም መጣ። መኪና መንገዱ ላይ ሲደርሱ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቆመላቸው፤ ሾፌሩ ወርዶ አያትና ምንም ሳይል ጆንያዎቹን ወደ ጎን መግፋት ጀመረ።

አሶሳ ሆስፒታል ሲደርሱ መሽቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው እንበል። አያት፣ ዐይኖቿን ሊከፍት ሞከረ፣ ሽፋኖቹ ተጣብቀዋል። ከዚያም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀውን ጠየቀ፤

«ከአንድ ሁለት ወር ወዲህ ምን መድኃኒት ወስዳለች?»

ባልየው፣ «ኧረ ምንም ዶክተር፤ ዳማ ከሴ ብቻ» አለ። አልዋሸም። ወባው ድኗል፣ ክኒኑ አልቋል፤ ያለቀ ነገር መድኃኒት ነው ብሎ ማን ያስባል?

ጎረቤትየዋ ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበርና በተሰበረ አማርኛቸው፣ «የወባ፤ ሦስት፤ እኔ ነኝ ውኃ የሰጠኋት» አሉ፤ ሦስት ጣታቸውንም አሳዩ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሳና ጻፈ።

እስቲ እዚህ ላይ ቃሬዛውን እናሳርፍና ሐኪሙ ምን እንደጻፈ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 ስቲቨንስና ጆንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች፣ በኒው ዮርክ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዐይን መቅላትና እንግዳ ሽፍታ የያዛቸውን ሁለት ልጆች መዝግበው ጽፈው ነበር፤ ሕመሙ እስከ ዛሬ በእነሱ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ላየል የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም የባሰውን መልኩን ጻፈ፤ በፈላ ውኃ የተቃጠለ የሚመስል ቆዳ። ዛሬ ሐኪሞች ሁለቱን የአንድ ሕመም ደረጃዎች አድርገው ነው የሚያዩአቸው። የተላጠው ከሰውነት ከአሥር በመቶ በታች ሲሆን የስቲቨንስና ጆንሰን ነው፤ ከሠላሳ በመቶ ካለፈ የላየል ነው፤ ከዚያ ደረጃ ከደረሱት ከሦስቱ አንዱ ያህል ይሞታል። ዋናው ምክንያት ደግሞ መድኃኒት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከተጀመረ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ።

ለምን ይዘገያል? ሰውነት ጠላቱን ለማወቅ ቀን ይፈልጋል። መድኃኒቱ ራሱ ወይም በጉበት ሲለወጥ የሚወጣው ትርፍራፊ በራሳችን ሕዋሳት ላይ ይለጠፋል፤ በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ያዩና፣ በጥቂት ሰዎች ብቻ፣ የገዛ ሕዋሳቸውን ባዕድ ነው ብለው ይነሱበታል፤ ከዚያም የላይኛው ቆዳ በሙሉ ይሞትና ከሥሩ ይለቃል። ውጭ ያለው ቆዳ ብቻም አይደለም። አፍ፣ ጉሮሮ፣ የአየር ቧንቧ፣ አንጀት፣ የሽንት መውጫ በውስጥ ቆዳ የተለበጡ ናቸው፤ እነሱም ይላጣሉ። ሳንባ ይታወካል፣ ኩላሊት ውኃ ያጣል፣ ጉበት ይቆጣል፤ በተከፈተው ቆዳ ደግሞ ጀርም ይገባል። ሰዎቹን በመጨረሻ የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ይህ የደም መመረዝ ነው።

ፋንሲዳር ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። እንዲያ የተወደደበት አንድ ጊዜ ተውጦ ማለቁ ራሱ ነው ክፉው። ሌላ መድኃኒት ቢሆን «በቃ፣ አቁሚ» ይባላል፤ ማቆምም ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ነው። ሰልፋዶክሲን ግን በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የተዋጠውን ማን ይመልሰዋል? ይህ ጉድ በተለይ የታወቀው ከአሜሪካ መንገደኞች ነበር። ወባ እንዳይዛቸው ብለው ፋንሲዳርን በየሳምንቱ ይውጡ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናት ከአምስት ሺህ እስከ ስምንት ሺህ ሰው ውስጥ አንዱን እንዲህ ያለ ከባድ የቆዳ ሕመም እንደያዘው ተገመተ። ስለዚህ ለመንገደኞች መከላከያ መሆኑ ቀረ። ወባ ለያዘው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ አደጋው ከዚያም እጅግ ያንሳል፤ ወባዋ ደግሞ በዚያ አገር የምትገድለውን ታውቃላችሁ። ይህን ሒሳብ የሠሩት ሰዎች ተሳስተዋል አልልም። ሒሳቡ ውስጥ አንዱ ሆኖ ለወጣ ሰው ግን ሒሳብ አያጽናናውም።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ይህ ሕመም ተአምረኛ መርፌ የለውም። እንደ ቃጠሎ ቁስለኛ ነው የሚታየው፤ ክፍሉ ይሞቃል፣ አንሶላው ንጹሕ ይሆናል፣ ፈሳሽ በደም ሥር ይገባል፣ የተላጠው በቫዝሊን ጨርቅ ይሸፈናል፣ ምግብ በቱቦ ይሰጣል፤ ነርሷም በየሰዓቱ እየመጣች ዐይኖቿን በጨው ውኃ ታጥባለች፣ ሽፋኖቹንም ከኳሱ ታላቅቃለች። ይህች የዐይን ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ካልተደረገች ግን ሰውየው ከሞት ተርፎ ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። ባልየው፣ «ሲስተር፣ እኔ ልጠብ፣ አንቺ ትንሽ ረፊ» ብሎ እንዴት እንደሚታጠብ ተማረ፤ ሌሊት ሌሊትም እሱ አጠበ። ጎረቤትየዋ በአራተኛው ቀን ወደ መንደር ተመለሱ፤ የእናቲቱን ልጆች የሚጠብቁት እሳቸው ናቸውና።

ሦስት ሳምንት ሲሆናት አዲሱ ቆዳ መጣ፣ እዚህ የጠቆረ እዚያ የነጣ። የእጇ ጥፍሮች ወደቁና በኋላ በቀሉ። ዐይኗ ደረቀ፣ ፀሐይ አስቸገራት፤ ግን አየች። ስትወጣ ሐኪሙ በግማሽ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጣት፤ ፋንሲዳርም ሆነ ሌላ የሰልፋ መድኃኒት፣ ባክትሪምንም ጨምሮ፣ ዕድሜ ልኳን እንዳይሰጣት የሚል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ፋንሲዳር በኮአርተም ተተካ። ሕመሙ ግን ከፋንሲዳር ጋር አልሄደም፤ ሌላ በር ነበረው። በ1997 ዓ.ም. በጥር ወር የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሞት አፍ ላይ ደርሰው የነበሩ ሰዎች ተነስተው ሲሄዱ ያየ ሁሉ አመሰገነ፤ እኔም አመሰግናለሁ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ግን ኔቪራፒን ነበር። እሱ ቆዳንም ጉበትንም ይነካል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት፤ ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ያውም ሲዲ ፎር የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥሯ ከ250 በላይ ሆኖ የጀመረችውን፣ ደህና ናት የተባለችውን። ስለዚህ ነው ለሁለት ሳምንት በቀን አንዴ ብቻ ተሰጥቶ ከዚያ ወደ ሁለቴ ያድግ የነበረው። ከእሱ ጎን ሳንባን ለመጠበቅ ተብሎ የሚሰጠው ደግሞ ባክትሪም ነበር፤ እሱም ሰልፋ ነው። ሽፍታ የወጣበት ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደጎዳው ሐኪሙም ግራ ይጋባል፤ በሽተኛው ደግሞ ይደነግጥና ሁሉንም በአንዴ ጥሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ከዚያም የሚገድለው ሽፍታው ሳይሆን ቫይረሱ ይሆናል። ኋላ ኔቪራፒን ለኤፋቪሬንዝ፣ ኤፋቪሬንዝ ለዶሉቴግራቪር ቦታ ለቀዋል፤ እፎይ ነው።

መድኃኒት የሚያመጣው ጉዳት ሌላም መልክ አለው፤ ከፊተኛው ይልቅ ተንኮለኛ ነው እላለሁ። ቆዳው አይላጥም። ፊት ያብጣል፣ ትኩሳት ይይዛል፣ በአንገትና በብብት ንፍፊት ይወጣል፣ ሽፍታው ኩፍኝ ይመስላል፤ ውስጡን ግን ጉበት እያበጠ፣ አንዳንዴም ኩላሊትና ልብ እየታመሙ ነው። ይህኛው ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ተኝቶ ይነሳል። ከአሥሩ አንዱን ያህል ሊገድል ይችላል። የሚያመጡትም ሰዎች ለረጅም ጊዜ የሚወስዷቸው ናቸው፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን። ሁለት ወር ሙሉ ሲውጡት የኖሩትን ክኒን ማን ይጠረጥራል? ሰውየውን የወፍ በሽታ ያዘው ይባልና ሥር ይቀቀልለታል፤ ክኒኑንም እየዋጠ ይቀጥላል።

ለምን ያቺን እናት፣ ለምን ያንኑ ክኒን የዋጠውን ሌላውን ሰው አይደለም? ይህን ሰዎች እርግማን ነው፣ ዐይን ነው ሲሉት ኖረዋል። መልሱ ከፊሉ በዘር ውርስ ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ካርባማዜፒን ቆዳቸው እንዲላጥ ያደረጋቸውን ሰዎች መርምረው፣ የሰውነትን መታወቂያ ከሚሠሩት ጂኖች አንዱን፣ አንድ ዓይነቱን፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ አገኙት፤ አሁን በዚያ አገር መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ደም ይመረመራል። በማላዊም ከኔቪራፒን ጋር የሚሄድ ሌላ ተገኝቷል። የእኛዎቹ ዘላለም ጴጥሮስ፣ እያሱ መኮንንና ኤሌኒ አክሊሉ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሲወስዱ ጉበታቸው የተጎዳ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ኤችኤልኤ ቢ 57 የሚባለው የጂን ዓይነት እንደሚበዛ አሳይተዋል። እኔ ይህን ስሰማ የተደሰትኩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ደም ስለ እኛ ሰው መልስ ሰጠ።

ያ ምርመራ ግን ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ አይገኝም። ጤና ጣቢያው ያለው ጥያቄ ነው፤ «ምን ወስደሻል?» የሚለው። ከጥያቄው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ቢጫ ወረቀት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለውን የመድኃኒት ጉዳት ክትትል መርሐ ግብር ተቀላቅላለች፤ ባለሙያው መድኃኒት የጎዳውን ሰው ሲያይ ቢጫውን ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካል፤ መክፈል የለበትም። ያልተጻፈውን አዲስ አበባ አያውቀውም። በሥራ የተዋከበ ሰው ይህን ወረቀት ለመሙላት ስንፍና እንደሚይዘው አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም፣ ግን እለምነዋለሁ።

ያቺ እናት ከዓመታት በኋላ ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ወረፋ ያዘች፣ ተራዋ ደረሰ። ጤና መኮንኑ ደረቷን አዳመጠና ባክትሪም ብሎ ጻፈ። እሷ ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አነበበ። ወደ ጥፍሮቿ አየ። የጻፈውን ሰረዘና አሞክሳሲሊን ጻፈ። ከዚያም ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ፣

«እትዬ፣ ይህ እኮ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጊው» አላት።

«እሱ ሦስተኛው ኮፒ ነው» አለችው። «ዋናው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤቴ ጋ።»